በ30 ቀን በባዶ እግር 10 ኪሎሜትር? ቆይ እስቲ

«ጫማህን ጣል፣ በ30 ቀን በባዶ እግርህ 10 ኪሎሜትር ሩጥ» የሚለውን ጽሑፍ ሰሞኑን ያልላከልኝ ሰው የለም። የሚሮጠውም የማይሮጠውም «ይኸው አንተ የምትለው ነገር ተጻፈልህ» እያለ ነው የሚልከው፣ ምክንያቱም እኔም በባዶ እግርና በስስ ሶል መሮጥ የምወድ ሰው ነኝ፣ እና ከጸሐፊው ጋር አንድ ወገን የሆንን መስሏቸዋል። እስከ ግማሽ መንገድ አብረን ነን፣ እሱን አልክድም። ከዛ በኋላ ግን ወንድማችን ጀማሪውን እየመራ የሚወስደው አጥንት ወደሚሰነጠቅበት ቦታ ነው፣ ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ያለውን በትክክል ላስቀምጥ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያለ ጫማ አሸንፏል፣ ስለዚህ ጫማ አያስፈልግም ይላል። ሰው ከጥንት ጀምሮ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ኖሮ ጉዳት ያገኘው ከ1970ዎቹ ወዲህ ወፍራም ሶል ሲመጣ ነው ይላል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በባዶ እግሩ ያደገ ሰው ሁሉ በእግሩ ፊት ነው የሚያርፈው፣ በተረከዝ ማረፍ ጫማ ያመጣው ጣጣ ነው ይላል። ከዛ ፕሮግራሙ ይመጣል፣ አንደኛው ሳምንት እርምጃ፣ ሁለተኛው 2 ኪሎሜትር፣ ሦስተኛው 5፣ አራተኛው 10፣ በመሃል ባትህንም እግርህንም ቢያምህ ጡንቻ እየተሰራ ነውና ቀጥል። ባዶ እግር ከከበደህ ደግሞ ጣት ጣት ያለውን ስስ ጫማ አድርግ፣ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጋቸው ሁለት ነገሮችም አሉ፣ ባዶ እግር ጉልበት ይቆጥባል፣ አፈር የረገጠ እግር በሽታ አያውቀውም የሚሉ። ያጣመምኩበት ነገር የለም መሰለኝ።

በአበበ ልጀምር፣ ምክንያቱም አበበ የተጠራበት ክርክር ላይ አፍ መክፈት ለኛ ሰው ከባድ ነው። 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሮጦ አሸነፈ፣ ከዛ በፊት በማራቶን ከተመዘገበው ሁሉ ፈጣኑ ሰዓት ነበር፣ እዚህ ላይ ማንም አይከራከርም። ግን ወንድማችን ታሪኩን እዛው ሮም ላይ ዘጋው። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ያው አበበ፣ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ካደረገ 6 ሳምንት እንኳን በቅጡ ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ገባ፣ እሱም የዓለም ፈጣኑ ሰዓት ሆነ። ሮም ላይ ያሸነፈው ባዶ እግር ነው ካልን ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ጫማው ነው ልንል ነው ማለት ነው? ሁለቱም አይሆንም፣ መንገዱ ሌላ፣ ተፎካካሪው ሌላ፣ የ4 ዓመት ልምምድ በመሃል አለ። ሮም ላይ ጫማ ያላደረገውም ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው እንደሆነ ነው የሚነገረው፣ ጫማን ለመቃወም የወጣ ሰልፍ አልነበረም። ደሞ ዋናው ነገር፣ ያ እግር ጫማ ከለመደበት በ30 ቀን የተቀየረ እግር አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊቷ ዞላ በድም እንደዛው ናት፣ 1984 ላይ ገና በ17 ዓመቷ በባዶ እግሯ 5,000 ሜትር በ15:01.83 ስትሮጥ ዓለም ጉድ አለ፣ ግን ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ በባዶ እግሯ ስትሮጥ ነው ያደገችው። ሁለቱም የሚያሳዩት በባዶ እግር የኖረ እግር ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። ቢሮ ውስጥ ቆዳ ጫማ አድርጎ 15 ዓመት የተቀመጠ ሰው እግር ምን ማድረግ እንደሚችል ግን አይነግሩንም፣ ጽሑፉ የተጻፈው ደግሞ ለዚህ ሰው ነው።

«ከ1970ዎቹ በፊት ጉዳት አልነበረም» ለሚለው፣ ማን ቆጥሮ? በዛ ዘመን ጫማው ብቻ አይደለም የተቀየረው፣ ሯጩም ነው የተቀየረው፣ ሲቀመጥ የኖረ ሰው በገፍ ወጥቶ ለጤና መሮጥ የጀመረው ያኔ ነው፣ ብዙ ጀማሪ ባለበት ብዙ ጉዳት አለ። ይሄ አልዋጥ ካላችሁ 1855ን ላንሳ። ብራይትሃውፕት የሚባል የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ረጅም ጉዞ የተጓዙ ወታደሮች እግር እያበጠ ሲያማቸው አይቶ ጻፈ፣ በኋላ ራጅ ሲመጣ ነገሩ ከጣቶች ጀርባ ያሉት ቀጫጭን አጥንቶች ስንጥቅ ሆኖ ተገኘ፣ ዛሬ ስትሬስ ፍራክቸር የምንለው። ስፖንጅ ሶል ከመፈልሰፉ ከ100 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ወታደሮቹ ምን አደረጉ? ያልለመዱትን ጫና በአንድ ጊዜ ተሸከሙ። እዚህ ጋ ግን ለወንድማችን አንድ ነገር ልስጠው፣ ወፍራምና ውድ ጫማ ከጉዳት ያድናል የሚለውም በቂ ማስረጃ የለውም፣ ጫማ ሻጮች እንደሚሉት እግርን «የሚያስተካክል» ሶል ጉዳት መቀነሱ በጥናት አልጸናም። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ግን «ጫማው አያድንም» ከሚለው ተነስቶ «ጫማው ነው የሚጎዳው» ወደሚለው መዝለል በመሃል ያለውን ድልድይ ሳይሰሩ ወንዙን ተሻገርኩ እንደማለት ነው።

የአረጋገጥ ጉዳይ ላይ ጽሑፉ አንድ ጥናት አንስቷል፣ የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማን 2010 ላይ ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጣውን። ጥናቱ እውነት ነው፣ ጥሩም ጥናት ነው፣ በባዶ እግራቸው የለመዱ ሯጮች አብዛኛውን ጊዜ በእግራቸው ፊት ወይም በመሃሉ እንደሚያርፉና መሬት ሲነኩ የሚመጣው ድንገተኛ ምት አነስተኛ እንደሆነ አሳይቷል። ማን ተጎዳ ማን አልተጎዳ የሚለውን ግን አልለካም። ወንድማችን ያላነሳው ደግሞ 2013 ላይ የወጣውን ሌላ ጥናት ነው። ሰሜን ኬንያ ውስጥ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጫማ ሳያውቁ ያደጉ 38 ዳሰነቾች እንዲሮጡ ተደረገ፣ በራሳቸው ምቹ ፍጥነት ሲሮጡ 72 በመቶው ያረፈው በምን መሰላችሁ? በተረከዝ። ፍጥነት ሲጨምሩ ነው ተረከዙ እየቀነሰ የመጣው። እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ጫማ አበላሻቸው ሊባል ነው?

ይሄ ለጀማሪ የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። «በእግርህ ፊት እረፍ» ተብሎ የተነገረው ጀማሪ ምን እንደሚያደርግ ያየ ያውቀዋል፣ በጣቶቹ ቆሞ እንደ ባሌት ይንጠላጠላል፣ ተረከዙን መሬት አያስነካም፣ በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አይችልም። በፊት እግር ስታርፍ ጫናው አይጠፋም፣ ቦታ ይቀይራል፣ ከጉልበት ላይ ትንሽ ይቀነስና ባትና የተረከዝ ጅማት ላይ ይጨመራል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሊጠቅመው ይችላል፣ የተረከዝ ጅማቱን የሚያመው ሰው ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ስለዚህ እግሬ በየት በኩል አረፈ እያሉ ከመጨነቅ እርምጃን ማሳጠርና ማፍጠን ይሻላል፣ በዛው ፍጥነት የእርምጃውን ቁጥር በደቂቃ ከ5 እስከ 10 በመቶ ብትጨምሩት እግሩ ራሱ ከሰውነት ስር መውደቅ ይጀምራል፣ ጉልበትና ዳሌ ላይ የሚመጣው ጫናም እንደሚቀንስ ተለክቷል። ተረከዙ በመጨረሻ ቀስ ብሎ መሬት ይንካ፣ ይንካ በቃ፣ ምንም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። ወደ 30 ቀኑ።

እኔን ያናደደኝ ይሄ ክፍል ነው፣ ሌላው ሁሉ ሐሳብ ነው፣ ሐሳብ ሰው አይሰብርም፣ ይሄኛው ግን ሰው ካላንደሩ ላይ ጽፎ የሚከተለው ነገር ነው። እና ካላንደሩ የተሰራው ሰውነት ሁሉ በአንድ ፍጥነት ይለምዳል በሚል ነው። አይለምድም። ቆዳ በጥቂት ሳምንት ይጠነክራል። ጡንቻ በሳምንታትና በወራት። ጅማት ወራት ይፈልጋል። አጥንት ደግሞ የራሱ የሆነ ነገር አለው፣ ጫና ሲበዛበት ወዲያው አይጠነክርም፣ መጀመሪያ አሮጌውን የሚቆፍሩ ሴሎች ይመጣሉ፣ እነሱ ቆፍረው ሲጨርሱ ነው ገንቢዎቹ አዲሱን የሚሞሉት፣ ቁፋሮው በሳምንታት ያልቃል ግንባታው ግን ወራት ይፈጃል። ምን ማለት ነው? ጀማሪው ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ላይ ሲደርስ ቆዳው ጠንክሯል፣ ባቱ ማመሙን ትቷል፣ በጣም ጥሩ እየተሰማው ነው፣ ከጣቶቹ ጀርባ ያለው ቀጭን አጥንት ግን ተቆፍሮ ገና ያልተሞላበት ጊዜ ላይ ሊሆን ይችላል። ወንድማችን ከ5 ወደ 10 ኪሎሜትር የሚያዘልለው ልክ እዚህ ጋ ነው። 10 ኪሎሜትር ማለት በአንድ እግር ከ5,000 ጊዜ በላይ መሬት መምታት ነው፣ በያንዳንዷ ምት ከሰውነት ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ ጫና አለ።

ይሄን ዝም ብዬ በቲዎሪ እያወራሁ አይደለም። 2013 ላይ 36 የለመዱ ሯጮች ተወስደው፣ 19ኙ ባለ ጣቱን ስስ ጫማ ቀስ በቀስ እንዲለማመዱ ተደረገ፣ 17ቱ በድሮ ጫማቸው ቀጠሉ፣ ከዛ በፊትና በኋላ እግራቸው በኤምአርአይ ታየ። ከ19ኙ 10ሩ እግር ውስጥ የአጥንት መቅኔ እብጠት ጨምሮ ተገኘ፣ አጥንቱ ከሚችለው በላይ እየተጫነ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከ17ቱ አንድ ሰው ብቻ። የተሰጣቸው ጊዜ ስንት ነበር? 10 ሳምንት። ሰዎቹ ሯጮች ናቸው፣ ጊዜው ከወንድማችን ፕሮግራም ከእጥፍ በላይ ነው፣ ያም ሆኖ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አጥንታቸው አልደረሰበትም። እንግዲህ በ30 ቀን ያልነው ከየት መጣ?

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር፣ ለዚህ ጣጣ በጣም የተጋለጠው ምንም ሮጦ የማያውቀው ሰው አይደለም፣ ጎበዙ ሯጭ ነው። ሮጦ የማያውቀው ትንፋሹ ያቆመዋል፣ 400 ሜትር ላይ ቁና ቁና እያለ ይቀመጣል፣ እግሩ የዳነው በሳንባው ስንፍና ነው። በጫማ 15 ኪሎሜትር የሚሮጠው ሰው ግን ሳንባው ዝግጁ ነው፣ ልቡ ዝግጁ ነው፣ እግሩ ብቻ ጀማሪ ነው፣ እና ማንም የሚያስቆመው የለም። አብራኝ የምትሮጥ አንዲት እህት ጎበዝ ሯጭ ናት፣ ባዶ እግር ስትጀምር ያስቸገራት ሩጫው አይደለም ማቆሙ ነው፣ «ገና ሳልሞቅ እኮ ነው አቁሚ የምትለኝ» ትል ነበር። ለሷም ለሌላውም የምለው አንድ ነው፣ የባዶ እግሩን ደቂቃ ከተለመደው ሩጫ ላይ ቀንሰህ ተካው እንጂ አትደርበው፣ ጫማህን አትጣል፣ ሩጫህን በሱ ቀጥል፣ መጀመሪያ ላይ ባዶ እግር ጥቂት ደቂቃ ይሁን፣ ሁለት ቀን በተከታታይ አይሁን፣ በተረፈው ጊዜ ቤት ውስጥ በባዶ እግር ተራመድ፣ ቁም። ኪሎሜትር ሳይሆን ደቂቃ ቁጠር፣ ግማሽ ሰዓት በባዶ እግር ያለ ችግር መሮጥ የወራት ስራ ነው፣ ለአንዳንዱ ሰው ከዓመት ቢያልፍም ዘገየ አይባልም።

«ህመም እድገት ነው» የሚለው ደግሞ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው አደገኛ የሆነው። ባት ላይ በሁለቱም እግር የሚሰማ፣ ሰፋ ያለ፣ ስትሞቅ የሚለቅና በሁለት ሦስት ቀን የሚጠፋ ድካም አለ፣ እሱ የተለመደ ነው፣ ልክ ነው ይጠፋል። በአንድ እግር ብቻ፣ በእግር ላይኛው ገጽ፣ በአንድ ጣት ስትጫነው «እዚች ጋ» ብለህ የምታሳየው፣ ስትሮጥ እየባሰ የሚሄድ ህመም ግን ሌላ ነው፣ እሱ ሲመጣ ነገ አይባልም፣ ዛሬ ይቆማል፣ ሐኪም ያየዋል። እና ራጅ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ ብሎ መመለስም አለ፣ ስትሬስ ፍራክቸር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ኤምአርአይ ነው የሚያሳየው። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ የተረከዝ ጅማት ግትር ካለብህም ያን ቀን ባዶ እግር የለም። ጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ ሁሉ አንዲት መስመር የለችም፣ «ቀጥል» ብቻ ነው ያለው።

ባለ ጣቱ ስስ ጫማ «ያው ነው» የሚለው ላይ ደሞ በጣም ነው የምለየው፣ እንደውም ለጀማሪ ከሙሉ ባዶ እግር ይልቅ እሱ የበለጠ የሚያሰጋ ይመስለኛል። በባዶ እግር ስትሮጥ መጀመሪያ የሚጮኸው ቆዳህ ነው፣ አረጋገጥህ መጥፎ ከሆነ፣ መሬቱን የምትፈትግ ከሆነ፣ ውስጥ እግርህ ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ትቆማለህ፣ አጥንትህ ጋ ሳይደርስ ቆምክ ማለት ነው። ስሱ ጫማ ያን ቆዳ ይሸፍንልሃል፣ አጥንት ላይ የሚመጣውን ጫና ግን እምብዛም አይቀንስልህም፣ ስለዚህ ቆዳው ሁለተኛው ኪሎሜትር ላይ ያስቆመው የነበረ ሰው ስድስተኛው ድረስ ይሄዳል። እኔ ጀማሪን ልሙጥ፣ ንጹህና ጠጣር መሬት ላይ በሙሉ ባዶ እግር ለጥቂት ደቂቃ ብጀምረው የምመርጠው ለዚህ ነው፣ ሳር ምቹ ይመስላል ግን መጥፎ አረጋገጥን ይደብቃል፣ ውስጡ ያለውን ስባሪም እንደዛው። የጫማዎቹ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ፋይቭ ፊንገርስ የሚባለውን ባለ ጣት ጫማ የሚሰራው ቪብራም እግር ያጠነክራል ጉዳት ይቀንሳል ብሎ ያስተዋወቀው በቂ ሳይንሳዊ መሰረት የለውም ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ተከሶ 2014 ላይ በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል፣ ጥፋት አላጠፋሁም እንዳለ ማለት ነው። ይኸው ኩባንያ «ቢቂላ» የሚል ሞዴልም ነበረው፣ የአበበ ቤተሰቦች 2015 ላይ ስሙን ያለፈቃዳችን ተጠቀማችሁ ብለው ከሰዋል። በአበበ ስም ባዶ እግር ሲሸጥ ወንድማችን የመጀመሪያው አይደለም።

ጉልበት ይቆጥባል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ጫማ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ 100 ግራም ወደ 1 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ጉልበት እንደሚያስወጣ ተለክቷል፣ እዚህ ላይ ልክ ነው፣ ከባድ ጫማ ያደክማል። ግን በ2012 የወጣ ጥናት በባዶ እግር የለመዱ ሯጮችን በ150 ግራም ገደማ ቀላል ጫማና በባዶ እግር አወዳድሮ ባዶ እግሩ ምንም ብልጫ አላገኘም፣ የስፖንጁ ጥቅም የክብደቱን ጉዳት ያካክሳል። ትዕግስት አሰፋ 2023 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 ስትገባ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ነበር፣ ሶሉ ግን ስስ አልነበረም።

አፈር የረገጠ እግር በሽታ አያውቀውም የሚለውን ግን እንዴት እንደጻፈው አልገባኝም። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል እጭ ሰውነት ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው አፈር ላይ በቆመ ባዶ እግር ቆዳ በኩል ነው። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው እግር የሚያሳብጥ በሽታ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈርን ለዓመታት በባዶ እግር ከመርገጥ ነው፣ መከላከያው ደግሞ ጫማና እግርን መታጠብ ነው። ንጹህ መንገድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በዚህ ይያዛል እያልኩ አይደለም፣ ግን የት እንደሚሮጥ ይምረጥ፣ የቴታነስ ክትባቱን ይይ፣ እግሩን ታጥቦ አይቶ ይተኛ። የስኳር በሽታ ኖሮበት እግሩ መሰማት የቀነሰ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሞክረው፣ ቆዳው ጩኸቱን አያሰማውም።

ጥሩውን ልንገረው ካልኩ፣ ጽሑፉ ውስጥ «የተኛ እግር ይነቃል» የሚለው ክፍል ልክ ነው፣ ማስረጃም አለው፣ ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ 2021 ላይ ያወጣው ጥናት ስስ ጫማ ለ6 ወር በየቀኑ ያደረጉ ሰዎች የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ57 በመቶ ገደማ እንደጨመረ አሳይቷል። ልብ በሉልኝ ግን፣ 6 ወር ነው፣ በዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ነው እንጂ በሩጫ አይደለም። ወንድማችን አንደኛውን ሳምንት፣ እርምጃ የሚለውን ማለት ነው፣ ወስዶ ወደ ሁለት ሦስት ወር ቢዘረጋው፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ሳምንት ከነ 10 ኪሎሜትሩ ቢያወጣው፣ «ቀጥል» ያለበት ቦታ ላይ የትኛው ህመም እንደሚያስቆም ቢጽፍበት፣ የቀረውን እኔው ራሴ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እልከዋለሁ።